አርታኢዬ ረቂቄን እንደገና መለሰችው፤ ልክ ናት ወይስ ልተዋት?

ጮቄ_ሥር (ደብረ ማርቆስ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

ልብ ወለድ ጽፌያለሁ፣ የመጀመሪያዬ ነው። ታሪኩ እዚሁ ጎዛምን ውስጥ ነው። አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ከቤት ወጥቶ የቀረ ልጅ አላቸው፣ በመሃል የመሬት ክርክር አለ። አዲስ አበባ ያለች አርታኢ አይታው ተቀበለችኝ። አርታኢ ብቻ ግን አይደለችም። አምስት ስድስት የምንሆን ደራስያንን ይዛ የምትመራን እሷ ናት። ማን መቼ እንደሚያስረክብ፣ የማን መጽሐፍ ለመስከረም የማን ለገና እንደሚወጣ፣ ሽፋኑን ማን እንደሚሠራው፣ ከማተሚያ ቤትና ከአከፋፋይ ጋር ምን እንደሚባል፣ ሁሉም በእሷ እጅ ነው። ቴሌግራም ላይ አንዲት ቅንጭብ መለጠፍ እንኳ ሳይነገራት አይሆንም። እሺ፣ ይሁን።

አሁን ግን ረቂቁን እንደገና መልሳልኛለች። የመጀመሪያዎቹን 60 ገጾች አውጣቸው ትላለች። አሳጥር አላለችም፣ አውጣ ነው ያለችው! እነዚያ ገጾች እኮ አገሩ ናቸው። ጮቄ ተራራ አለ፣ ገበያው አለ፣ ጽዋ ማኅበሩ አለ፣ የሽማግሌው አያት ታሪክ አለ። እነሱን አውጥቼ ምን ይቀረኛል?

የጊዜው ነገር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መንገድ ተዘግቶ ኢንተርኔት በጠፋበት ሰሞን ረቂቁን በፍላሽ ጭኜ፣ ሰው ለምኜ፣ በስንት መከራ ነው የደረሰላት። መልሷ «ዘግይቷል» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። እንዴት ዋልክ የለ፣ አገሩ እንዴት ነው የለ።

ከአርታኢ ጋር የሠራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። ሥራው እንዲህ ነው እንዴ? ወይስ ትቻት በራሴ ላሳትም?

ጣና_ዳር (ባሕር ዳር)

ተዋት ወንድሜ፣ ምን ያከራክራል? 60 ገጽ አውጣ ማለት ለአፍ ይቀላል። እሷ ሌሊት ተነስታ አልጻፈችው። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት አሉ። ገንዘብ ካለህ ሺህ ኮፒ አሳትም፣ ራስህ ሽጥ፣ ስምህም ብርህም የራስህ ይሆናል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ስለ ጎጃም መፍረድ የለመደባቸው ሰዎች ናቸው።

የቡሬ_ልጅ

ራስህ ሽጥ ማለት ቀላል ነው ጣና ዳር። እኔ በራሴ ያሳተምኩ ሰው ነኝ። ማተሚያ ቤት ቅድሚያ ክፍያ ይልሃል፣ የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ይነሳል፣ አከፋፋዩ ከሽፋን ዋጋው ላይ ደህና አድርጎ ይቆርጥና የተሸጠበትን ብር ለመክፈል ደግሞ ያመላልስሃል። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ በነፃ ይጠብቃል፣ «ለእኔ እንኳ ፈርመህ አትሰጠኝም?» እያለ። ትንሽ የተወደደ እንደሆነ በሳምንቱ ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ ነው። አርታኢዋን ጥላት ወይ አትጥላት አላልኩም። በራስህ ስታሳትም የሚጠብቅህን ግን እወቀው።

አንባቢ_ብቻ (ፍኖተ ሰላም)

እኔ አልጽፍም፣ አነባለሁ ብቻ። ገጾቹን ሳናይ በምን እንፍረድ? ጮቄ ሥር፣ አንድ አንቀጽ ለጥፍልን፣ የእሷን አስተያየትም ጨምር። ቅንጭብ አይለጠፍም ብላ የለ? አንድ አንቀጽ አይገድልም።

ጮቄ_ሥር

እሺ። የመጽሐፉ መጀመሪያ ይኸው፦

«ፀሐይ ከጮቄ ተራራ ጀርባ እንደ ወርቅ ሳንቲም ብቅ ስትል፣ አእዋፍ በጣፋጭ ዝማሬያቸው ንጋትን ሲያበስሩ፣ ውቧ የጎጃም ምድር ከእንቅልፏ ስትነቃ፣ ሽማግሌው በጨለማው ጎጇቸው ውስጥ በልጃቸው ሐሳብ ተውጠው በትካዜ ባሕር ሰጥመው ነበር።»

ጎን ላይ የጻፈችው ደግሞ ይኸው፣ አንድም አልቀነስኩም፦

«ፀሐይዋን ማን እያያት ነው? ሽማግሌው ቤት ውስጥ ናቸው፣ ገጽ 4 ላይ ደግሞ ቤቱ መስኮት የለውም ብለሃል።»

«ምን ዓይነት ወፍ?»

«ውቧ፦ እሱን አንባቢው ይበል።»

«የትካዜ ባሕር፦ ይውጣ። ይህን ባሕር ሁሉም ደራሲ ገብቶበታል።»

«ልጁ ምን ሆነ? ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የምጠብቀው እሱን ነው። የነገርከኝ ገጽ 61 ላይ ነው። መጽሐፍህ እዚያ ይጀምራል።»

ገጽ 61 እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ከሄደ ወዲህ በሬዎቹን የሚያወጡት ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው። ዛሬ አንደኛው አልነሳም አለ።»

አንባቢ_ብቻ

ይቅርታ አድርግልኝና ሴትዮዋ ልክ ናት። ገጽ 61ን አንብቤ በሬው ምን ሆኖ ነው አልኩ። የመጀመሪያውን አንብቤ ምንም አላልኩም። ፀሐይ ስትወጣ ስንት መጽሐፍ ላይ አየሁ መሰለህ? እኔ በፀሐይ መውጣት የሚጀምር መጽሐፍ አዟሪው እጅ ላይ እያለ ነው የምመልሰው።

ጣና_ዳር

አይ! ይሄማ አንተ የለመድከው የከተማ ንባብ ነው። እኛ ጋ ወግ በወጉ ነው የሚጀመረው። ሀዲስ አለማየሁ እንዲህ ያለች አርታኢ ገጥማቸው ቢሆን «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲሶው ይቀር ነበር። እሳቸውም የዚሁ የጎዛምን ሰው ናቸው፣ ረጋ ብለው ነው የሚተርኩት። በ1958 ዓ.ም. የወጣ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ይነበባል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው አገር ሥራ ፈትቶ ያዳምጥ ነበር ይላሉ አባቶቻችን። ማን ነው አሰለቸኝ ያለው?

አንባቢ_ብቻ

ጥሩ ምሳሌ አመጣህ፣ ግን ለእኔ ነው ያመጣህልኝ። መጽሐፉን እንደገና ግለጠው። ማንኩሳ ላይ ይጀምራል፣ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ አሉ፣ እርጋታ አለው፣ እውነት ነው። ግን ብዙ ሳትሄድ ልጁ በዛብህ ለቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል ይሳላል። በቃ። ያቺ ስለት መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ትጎትተዋለች። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያስጨንቀን ስለቱን ስለምናውቅ ነው። ረጋ ማለትና ምንም አለመሆን ለየቅል ናቸው። ሀዲስ ዝም ብለው ጮቄን ሲያደንቁ 60 ገጽ አላስቀመጡንም።

ደጀን_በር

ጮቄ ሥር፣ ስሟን አትጥራ እኔም አልጠራም፣ ግን አወቅኋት 😄 «ይህን ባሕር ሁሉም ደራሲ ገብቶበታል» የሚለው የእሷ ነው። እኔም ከእሷ ጋር ነው የምሠራው።

አንድ ልንገርህ። ስልክ ትደውላለች ማታ ማታ። ሰላምታ አጭር ነው። ከዚያ «ሦስተኛውን ምዕራፍ አንብብልኝ» ትላለች። አንተ በስልክ ታነባለህ፣ እሷ ዝም። ስታነብ ምላስህ የተደናቀፈበትን፣ ትንፋሽ ያጠረህን፣ ሳይታወቅህ የዘለልከውን ቦታ ሁሉ ምልክት ታደርጋለች። ስትጨርስ «እዚህ፣ እዚህና እዚህ ራስህም አሰልቺ ሆኖብሃል» ትልሃለች። የሚያናድደው ልክ መሆኗ ነው። ሚስቴ መጀመሪያ ሰሞን ከማን ጋር ነው በሌሊት የምታወራው ብላ ነበር፣ አሁን እሷም አብራ ታዳምጣለች፣ አንዳንዴም በሩቁ «እውነቷን ነው» ትላለች።

ደግሞ ዓይኗ! አንዱ ጓደኛችን በ1990 ዓ.ም. ስለሚሆን ታሪክ ጽፎ ሰውዬውን ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን በዚያ በኬብል በተወጠረው ድልድይ አሻገረው። ጎኑ ላይ «ይህ ድልድይ በጃፓን እርዳታ ተሠርቶ ያለቀው በሚሊኒየሙ አካባቢ ነው። በአሮጌው አሻግረው» ብላ ጻፈች። ሌላው ደግሞ በሐምሌ አውድማ ላይ ጤፍ አስወቃ። የጎጃም ልጅ ነኝ የሚል ሰው! «ጤፍ በሐምሌ ይዘራል እንጂ አይወቃም። ወይ ወሩን ቀይር ወይ ሥራውን» አለችው። ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በቡሬ በኩል የሚሄድ አውቶቡስ ሞጣ ላይ ምሳ ያበላም ነበር። እሱ ላይ የጻፈችው «ሹፌሩ ጠፍቶበታል?» ብቻ ነው።

የቡሬ_ልጅ

ሞጣ ላይ ምሳ 😂😂 በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በእኛ በቡሬ አልፎ፣ እንጅባራ ሳይደርስ ተጠምዝዞ ሞጣ! ነዳጁን ማን ሊከፍል ነው።

ሞጣ_ጊዮርጊስ

በእኛ በኩል ይምጣ ምን ቸገራችሁ፣ በቢቸና በሞጣ በአዴት አድርጎም ባሕር ዳር ይገባል። ምሳውም አይከፋም።

ጣና_ዳር

እሺ ድልድዩንና ጤፉን ተውኩላት፣ ያ ስሕተት ነው፣ ይታረም። እኔ የምለው ጠባይዋን ነው። ሰው መንገድ ተዘግቶበት ሥራ ልኮ «ዘግይቷል» ይባላል? ትዕቢት ነው ይሄ።

ደጀን_በር

በዚህ አልከራከርህም። ያኔ እኔም ተናድጃለሁ። እዚህ ስንት ጊዜ ኔትወርክ እንደጠፋ፣ አውቶቡስ ስንት ቀን እንደቆመ እዚያ ሆኖ አይገባም። ሰበብ ይመስላቸዋል። እኔ በመጨረሻ «ጊዜ ገደቡን የምትቆርጪው ከአዲስ አበባ ሆነሽ ነው፣ እኔ የምኖረው ግን ደጀን ነው» ብዬ ጻፍኩላት። ይቅርታ አልጠየቀችም። ከዚያ በኋላ ግን የምትሰጠኝ ቀን ሁሉ ሰፋ ብሎ ነው የሚመጣው። ጠባይዋ እንዲህ ነው፣ በአፏ አትክስህም።

ነገራ

እኔ ልጅነቴን ቅኔ ቤት ነው ያሳለፍኩት፣ ዋሸራ በኩል። የአሁን ደራስያን አርታኢ አንድ ገጽ ሲነካባቸው ሲጮኹ ስሰማ ይገርመኛል።

ተማሪ ቀኑን ሙሉ ቅኔ ቆጥሮ፣ ጫካ ለጫካ ተንከራትቶ፣ አንዲት ጉባኤ ቃና ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። ሁለት ቤት ናት ጉባኤ ቃና ማለት። ይነግራል። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። «ቤቱ ተበላሽቷል» ካሉ ተበላሽቷል። «ምስጢር የላትም» ካሉም የላትም። ሂድ እንደገና ቁጠር ነው። ጉባኤ ቃናው ሳይቀና ወደ ዘአምላኪየ አትሻገርም፣ መወድስማ ገና የት አየኸው። ማንም «የኔታ ድምፄን ቀሙኝ» ብሎ አያውቅም። እንዲያውም የኔታ የማይቆጡት ተማሪ ተስፋ የተቆረጠበት ነው ይባል ነበር።

ግን ልብ በሉ። የኔታ የተበላሸውን ይነግሩሃል እንጂ ቅኔህን ቁጭ ብለው አይጨርሱልህም። ወርቁን ራስህ ነህ የምታመጣው። አርታኢዋ እዚህ መስመር ላይ ናት ወይስ አልፋዋለች? እኔ የምጠይቀው እሱን ብቻ ነው።

ጮቄ_ሥር

ጋሼ ነገራ፣ ጥያቄውን በትክክል አገኙት። እስካሁን ያላነሳሁት ነገር አለ። 60 ገጹን አውጣ ያለችው እያንገበገበኝም ቢሆን ሊገባኝ ጀምሯል። ከዚያ በኋላ ባሉት ምዕራፎች ውስጥ ግን የሽማግሌውን ንግግር ራሷ ገብታ አስተካክላዋለች።

እኔ የጻፍኩት፦ «አይ እንግዲህ! በሬዬን ሸጬም ቢሆን አስተምረዋለሁ ብዬህ አልነበር? ታዲያ በሬውም ሄደ፣ ልጁም ሄደ።»

የእሷ፦ «በሬዬን በመሸጥ እንደማስተምረው ነግሬህ ነበር። ሆኖም በሬውንም ልጁንም አጥቻለሁ።»

ይሄ የዳኛ ፋይል ነው እንጂ ሽማግሌው እንዲህ ይናገራሉ? እንዲህ ያለ ወደ 20 ቦታ አለ።

አንባቢ_ብቻ

ኧረ በሕግ! ይሄንንስ አልቀበልም። የመጀመሪያው ንግግር ላይ ሽማግሌውን አየኋቸው። ሁለተኛው ላይ የቀበሌ ጸሐፊ ነው ያየሁት።

ጣና_ዳር

ይኸው! አልነገርኳችሁም?

ደጀን_በር

ይገርማል፣ ለእኔ እንዲህ አድርጋ አታውቅም። ትጽፋለች ጎኑ ላይ፣ ውስጥ አትገባም። እርግጠኛ ነህ እሷ ናት ወይስ ፕሩፍ የሚያነብላት ልጅ ነው? እሷ ብዙ ጊዜ ከመላኳ በፊት ለፊደል አራሚ ትሰጣለች። አንዳንድ አራሚ ደግሞ ዝም ብሎ የትምህርት ቤት ሰዋስው ያገኘ ይመስለዋል።

ፕሩፍ

ተጠራሁ መሰለኝ። ስሜ እንደሚለው ፕሩፍ ነበር የምሠራው፣ አሁን አርትዖት ነው። ትንሽ ላብራራ፣ ምክንያቱም እዚህ ሦስት ሥራ ተቀላቅሎ እየተሰደበ ነው።

አንደኛው ሰው መጽሐፉን እንደ ቤት አይቶ በሩ የት ይሁን የሚለው ነው፣ 60 ገጽ አውጣ የሚለው ያ ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር የሚሄደው ነው። ሦስተኛው ፊደልና ነጥብ የሚለቅመው፣ ሀ እና ሐ ሠ እና ሰ አንድ ወጥ መሆናቸውን የሚያየው። ውጭ አገር ሦስቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኛ ጋ በገጽ እየተከፈለው አንድ ሰው ሦስቱንም በአንድ ሳምንት ጨርስ ይባላል፣ ከዚያ ደራሲው «አልታረመልኝም» ይላል። ስለዚህ የሽማግሌውን ንግግር የነካው ማን እንደሆነ መጀመሪያ ጠይቅ። ትራክ ቼንጅ፣ ማለትም ፋይሉ ላይ የተደረገውን ለውጥ መዝግቦ የሚያሳየው፣ ከበራ የሠራው ሰው ስም አብሮ ይታያል። ካልበራ ደግሞ ለምን እንዳልበራ ጠይቅ።

ሌላ ነገር። አገራችን ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ያስፈራል፣ በከንቱም አይደለም። ብዙ ሰው አርታኢን ከሳንሱር ጋር ያምታታል። በደርግ ጊዜ ረቂቅ ሳይመረመር አይታተምም ነበር፣ ቅድመ ምርመራ የቀረው በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ነው። ያኔ ኩራዝ አሳታሚ ድርጅትን የመሰለ የራሱ አርታኢዎች ያሉት ቤት ነበር፣ ግን ደራሲው አርትዖቱ የት ጋ አብቅቶ ምርመራው የት ጋ እንደጀመረ ሁልጊዜ አይለይለትም። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ሰው በራሱ ገንዘብ ማሳተም ጀመረ። በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ሰው ደግሞ አውጣው የሚለውን አርታኢ ለምን ይከፍለዋል? «በጣም ቆንጆ ነው» የሚለውን ነው የሚከፍለው። አስቸጋሪ አርታኢ የጠፋው በዚህ ነው እንጂ ደራሲ በመብዛቱ አይደለም።

የፈረንጆቹን ሁለት ታሪክ ልጨምርና ልብቃ።

ሃርፐር ሊ የምትባለው አሜሪካዊት በ1957 እ.ኤ.አ. ረቂቋን ይዛ ስትመጣ ታሪኩ ያደገች ሴት ወደ አገሯ ስትመለስ ነበር። ቴይ ሆሆፍ የምትባል አርታኢ አነበበችውና የሚጣፍጠው የልጅነቱ ትዝታ ነው፣ መጽሐፉ እሱ ይሁን አለቻት። ከሁለት ዓመት በላይ አስለፋቻት። አንድ የክረምት ሌሊት ደራሲዋ ተናድዳ ረቂቁን በመስኮት በረዶ ላይ በትናው ለአርታኢዋ ስልክ ደወለች፣ ሆሆፍም ወርደሽ ልቀሚ አለቻት ይባላል። በ1960 የወጣው «ቱ ኪል ኤ ሞኪንግበርድ» ነው። የጻፈችው ግን ራሷ ናት፣ ሆሆፍ አልጻፈችላትም።

ሁለተኛው ሬይመንድ ካርቨርና አርታኢው ጎርደን ሊሽ ናቸው። ሊሽ በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው የአጫጭር ታሪኮች መድበል ላይ አንዳንዱን ታሪክ ከግማሽ በላይ ቆርጦ፣ መጨረሻ ቀይሮ፣ ርእስ ቀይሮ አወጣው። ካርቨር እባክህ አቁመው ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ነበር፣ አላቆመም። መጽሐፉ ታዋቂ አደረገው፣ ሰውየው ግን ያ የእኔ ነው ለማለት ተቸገረ። ከሞተ በኋላ በ2009 የመጀመሪያው ረቂቅ ለብቻው ታተመ። አሁን አንባቢው ሁለቱን አስተያይቶ የሚጨቃጨቅበት ሆኗል። የሚገርመው፣ ሊሽ የቆረጠውን የሚወዱም ብዙ ናቸው።

ነገራ

የሁለተኛው ታሪክ አርታኢ የኔታ አይደለም።

ጣና_ዳር

ፕሩፍ ደህና አስረዳህ፣ ባይዋጥልኝም። ግን ደራሲው ምን መብት አለው? እሷ ውስጥ ገብታ ጽፋ አሳትማ ብትለቀው ምን ሊያደርግ ነው? ውል የፈረመ ሰው።

ችሎት (ደብረ ማርቆስ)

ጠበቃ ነኝ፣ ባጭሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደራሲው የገንዘብ መብቱን ቢሸጥ እንኳ የሞራል መብት የሚባለው ይቀረዋል፣ ማለትም በስሙ እንዲወጣና ክብሩን በሚነካ መንገድ ሥራው ተዛብቶ ሲቀርብ የመቃወም። የገንዘብ መብቱ ራሱ ደራሲው በሕይወት እያለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይቆያል፣ ስለዚህ የምትፈርመው ነገር ለልጆችህም ነው። ስለ አሳታሚና ደራሲ ውል ደግሞ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥም ድንጋጌ አለ፣ ማንም አያነበውም እንጂ።

ችግሩ ሕግ ማጣት አይደለም። ሰዎች የሚያመጡልኝ ውል አንድ ገጽ ነው፣ ግማሹ ማኅተም ነው። «አርትዖት በአሳታሚው ይከናወናል» ይላል፣ በቃ። ምን ዓይነት አርትዖት? የመጨረሻውን ፋይል ማን ያጸድቃል? እሱን አስጽፍ። ደራሲው ያላየውና በፊርማው ያላጸደቀው ለውጥ ወደ ማተሚያ ቤት አይሄድም የሚል አንዲት መስመር ብዙ ጭቅጭቅ ታስቀራለች። ክርክር ፍርድ ቤት ከደረሰማ መጽሐፉ ያረጃል።

እሸት (ዳንግላ)

ከውጭ እያየሁ ነበር፣ አንድ ነገር ግን ልበል። አርታኢዋ ሴት ባትሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ «ጠባይዋ፣ ትዕቢቷ፣ ሴትዮዋ» ይባል ነበር? ወንድ ቢሆን «ጋሼ ጥብቅ ሰው ናቸው» ተብሎ ይከበር ነበር። የኔታ ሲቆጡ ምርቃት፣ እሷ ስትቆጣ ትዕቢት። ጣና ዳር ላንተ ነው።

ጣና_ዳር

እሸት፣ እኔ ወንድ አርታኢም ቢሆን አልወድም 😅 ግን ነጥብሽን ያዝኩ።

ደጀን_በር

እሸት ልክ ናት። ደግሞ ይህችን ሴት የማታውቋት ሰዎች፣ አከፋፋይ ፊት አላያችኋትም። አንዴ መርካቶ አንድ ነጋዴ ሱቅ አብሬያት ገብቼ ነበር። ሰውዬው የአንዱን ጀማሪ መጽሐፍ ሂሳብ ለወራት ይዞ ሳይከፍል ቆይቷል። አልጮኸችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከቦርሳዋ ረቂቅ አወጣች፣ ማረም ጀመረች። ደንበኛ ይገባል ይወጣል፣ እሷ ታርማለች። ሰውዬው ቡና ይምጣልሽ አላት፣ ጠጥቻለሁ አለች። ከሰዓት ሆነ። በመጨረሻ መሳቢያውን ስቦ ቆጠረላት። ብሩን እዚያው ቆጥራ ለጀማሪው ላከችለት፣ ከእሱ ላይ የራሷን አልቆረጠችም። በእኛ ላይ የምትከፋውን ያህል ለእኛ ብላም ትከፋለች፣ ዓረፍተ ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል ግን ገብቷችኋል።

የቡሬ_ልጅ

የእኔን አከፋፋይ አድራሻ ልስጣት ይሆን?

ፕሩፍ

ጮቄ ሥር፣ አንድ ተግባራዊ ነገር። 60ውን ገጽ ስታወጣ አትጣለው፣ ሌላ ፋይል ላይ አስቀምጠው። አገሩ እዚያ ነው ያለው ብለሃል፣ ልክ ነህ፣ ግን አገር መጀመሪያ ላይ ተከምሮ መቅረብ የለበትም። ገበያው ሽማግሌው በሬ ሊሸጡ ሲሄዱ ይምጣ። ጽዋ ማኅበሩ የልጁ ስም ተነስቶ ዝም ሲባል ይምጣ። የአያቱ ታሪክ የመሬት ክርክሩ ላይ ሽማግሌ ፊት ይነገር፣ ያኔ ማስረጃ ይሆናል። ጮቄንም ካስፈለገህ ልጁ የሄደበት አቅጣጫ አድርገው። ፀሐይዋን ግን ተዋት።

አንባቢ_ብቻ

እዚህ ላይ ፕሩፍን ሹሙልን። ማኅበሩ ላይ ስሙ ተነስቶ ዝም የሚባለውን እኔ ከአሁኑ ላንብበው።

ጮቄ_ሥር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዘግይቼ የመጣሁት እሷ ጋ ስለጻፍኩ ነው። 60 ገጹን አወጣለሁ፣ ገበያውንና ማኅበሩን ወደ ውስጥ አስገባለሁ፣ የሽማግሌውን ንግግር ግን አልቀይርም፣ ከዚህ በኋላም ያላጸደቅሁት እንዳይገባ በውሉ ላይ ይጻፍልኝ አልኩ። ደጀን በር እንዳልከው ንግግሩን የነካው አራሚው ነው። ትራክ ቼንጁ ላይ የሱ ስም ነበር፣ እሷም ሳታየው ነው ያለፈው።

መልሷን ልለጥፈው፦ «ንግግሩ እንደ ነበረ ይመለስ፣ አራሚውን አነጋግሬዋለሁ። የውሉን መስመር ጽፈህ ላክ። ገበያው ከሁለት ገጽ አይለፍ። ማኅበሩ ላይ ሰው አብዝተሃል፣ አሥራ ሁለቱም መናገር የለባቸውም። እስከ ጥር መጨረሻ። መንገድ ከተዘጋ በስልክ ታነብልኛለህ፣ እኔ እጽፈዋለሁ።»

ችሎት

መስመሯን ከመላክህ በፊት ላክልኝና ልያት።

የቡሬ_ልጅ

በገጽ ስንት ነው የምታስከፍለው?

ጮቄ_ሥር

ዋጋዋን በአደባባይ አልጽፍም፣ በውስጥ መስመር ና።

ጣና_ዳር

እ... እኔም አንድ ረቂቅ አለኝ። አዲስ ሰው ትቀበላለች?

ደጀን_በር

መጀመሪያ 30 ገጽ ብቻ ነው የምታየው። በዩኒኮድ ላክ፣ በአሮጌው የፓወር ግዕዝ ፊደል የመጣ ፋይል አትከፍትም። መልስ ለማግኘት ደግሞ እስከ ፋሲካ ጠብቅ፣ አትደውልባት።